ካምፎር ዛፍ ለግቢ፦ መሬት ላይ፣ እንደ አጥር፣ በማሰሮ ወይስ ሌላ ተክል ይሻላል?

ካምፎር መትከል ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ችግኙ የት ይገኛል ብሎ ነው። እኔ ግን ከሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ ይሄ ዛፍ 30 ዓመት ሲሞላው የት ነው የሚቆመው? ችግኝ እያለማ ማን ይጠላዋል፣ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ አዲሱ ቅጠል ሲወጣ ቀላ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በጣት አሸት ስታደርጉት ደሞ ያ ጉንፋን ሲይዘን ደረት ላይ የምንቀባው ቅባት ሽታ ወዲያው ይመጣል። ጣጣው የሚጀምረው በኋላ፣ ስሩ ቧንቧ ፍለጋ ሲሄድ እና ጥላው የጎረቤትን ግቢ ሲሸፍን ነው። እና እዚህ ጋ ካምፎርን የማሳደጊያ ሶስት መንገዶችን (ሙሉ ዛፍ፣ የተገረዘ አጥር፣ ማሰሮ) እና ካምፎርን ሊተኩ የሚችሉ አራት ተክሎችን ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፦ ሰፊ ቦታ ከሌላችሁ ካምፎርን መሬት ላይ አትትከሉት። በማሰሮ ያዙት ወይ ሌላ ተክል ምረጡ።

መጀመሪያ መስፈርቱ

*ቦታና ስር።* ከሁሉም የሚበልጠው መስፈርት ይሄ ነው። ካምፎር ግቢ ውስጥ ሲያድግ በተለምዶ ከ15 እስከ 20 ሜትር ይደርሳል፣ ከተመቸው እስከ 30 ሜትር የሚሄድም አለ፣ ወደ ጎን የሚዘረጋው ደሞ ከቁመቱ ጋር እኩል ወይም የበለጠ ሊሆን ይችላል። እድሜውም ረጅም ነው። ጃፓን ካጎሺማ ውስጥ ያለው ታዋቂው የካሞ ካምፎር ግንዱ ዙሪያውን ሲለካ 24 ሜትር ገደማ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ቨርገለገን የሚባለው እርሻ ውስጥ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ የተተከሉ ካምፎሮች እስከዛሬ ቆመዋል። የናንተው ዛፍ እዛ ይደርሳል እያልኩ ሳይሆን ዛፉ በባህሪው ትልቅ መሆኑን ለማሳየት ነው። ስሩ ደሞ ብዙው ወደ ላይ፣ ከአፈሩ ገፅ ብዙም ሳይርቅ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ እርጥበት ባገኘበት አቅጣጫ ይጎርፋል፣ ስንጥቅ ያለው የፍሳሽ ቱቦ ካገኘ ይገባበታል፣ ንጣፍና የእግረኛ መንገድ ያነሳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡና ከተከላው ቦታ እስከ ቤቱ፣ እስከ ቧንቧው፣ እስከ ሴፕቲክ ታንኩ፣ እስከ አጥሩ ያለውን ለኩ፣ ወደ ላይም ቀና ብላችሁ የመብራት ሽቦ ካለ እዩ።

*ብርድና አፈር።* የካምፎር አገሩ ደቡብ ቻይና፣ ታይዋን፣ ደቡብ ጃፓንና አካባቢው ስለሆነ ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር ይወዳል። ያደገ ዛፍ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ድረስ ይችላል፣ ችግኝና አዲስ ቅጠል ግን ውርጭ ቶሎ ይመታቸዋል። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝበት፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ትንሽ አሲዳማ የሆነ አፈር ከሆነ በጣም ጥሩ። አፈሩ ኖራ የበዛበት ወይም አልካላይን ከሆነ ግን ዛፉ ብረት መውሰድ ስለሚያቅተው ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ያንን ካያችሁ ዝም ብሎ ማዳበሪያ መጨመር አይፈታውም፣ መፍትሄው የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን) መለካትና ኪሌትድ የሆነ፣ ማለትም ተክሉ በቀላሉ እንዲወስደው ተደርጎ የተዘጋጀ፣ የብረት ማዳበሪያ መስጠት ነው።

*ለምን ፈለጋችሁት?* ጥላ ነው? ሽታ ነው? መጋረጃ ነው? ወይስ ካምፎሩን ራሱን፣ ያንን የሚሸተውን ንጥረ ነገር፣ አውጥቼ እጠቀማለሁ ብላችሁ ነው? የመጨረሻው ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ካምፎር የሚወጣው እንጨትና ቅጠሉ በእንፋሎት ተጣርቶ ነው፣ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ዛፍ ለዛ አይሆንም። ከዛ በላይ ግን ካምፎር ሲዋጥ መርዝ ነው፣ ትንንሽ ልጆች ላይ በጥቂት መጠን እንኳን የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ ቅባቶች ውስጥ ከ11% በላይ ካምፎር እንዳይኖር የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። እና ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት፣ ፍሬውን መቅመስ የሚባል ነገር አይታሰብ።

*ጉልበት።* መግረዝ፣ ቅጠል መጥረግ፣ ማሰሮ መቀየር። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው ስለተባለ ቅጠል አያረግፍም ማለት አይደለም፣ አዲሱ ቅጠል ሲመጣ አሮጌው ቀይ እየሆነ በብዛት ይወርዳል፣ ቅጠሉ ከታቹ የሚዘሩ ተክሎችንም ሲያቀጭጭ ይታያል።

*ከግቢ ውጪ የሚደርሰው ጉዳት።* ፍሬው ሲበስል ጥቁር ነው፣ ትንሽ ነው፣ ወፎች ይወዱታል፣ በልተው በየቦታው ይጥሉታል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1822 ለጌጥ የገባው ካምፎር ዛሬ በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ የወንዝ ዳርቻዎችን የወረረ አረም ሆኗል፣ ፍሎሪዳም ውስጥ ከወራሪ ተክሎች ዝርዝር ገብቷል። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ተከልክሎ እንደሆነ የግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ጠይቁ፣ ካልተከለከለም እንኳን ከወንዝና ከተፈጥሮ ደን አጠገብ ከሆናችሁ ሙሉ ዛፍ አድርጋችሁ አትልቀቁት።

አማራጭ 1፦ መሬት ላይ ሙሉ ዛፍ

ቦታው ካለ እውነቱን ለመናገር ከዚህ የሚያምር የጥላ ዛፍ ጥቂት ነው። ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ነፋስ ሲነካው ይሸታል፣ ስር ከያዘ በኋላ አጭር ድርቅ ይችላል፣ በሽታም ብዙ አያጠቃውም። ግን ከቤት መሠረትና ከቧንቧ 10 ሜትር ዝቅተኛው ነው፣ እኔ 15 ብትሉት ነው ደስ የሚለኝ። "ትንሽ ሲያድግ እቆርጠዋለሁ" የሚለው ሀሳብ አይሰራም፣ ካምፎር ከተቆረጠ ጉቶ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፣ ግንዱን ብቻ መቁረጥ ዛፉን ማጥፋት ማለት አይደለም።

አተካከሉ ላይ ሰው የሚሳሳተው ጥልቀት ላይ ነው። ጉድጓዱ የችግኙን ስር ከያዘው አፈር ጥልቀት መብለጥ የለበትም፣ ወደ ጎን ግን ሁለት ሶስት እጥፍ ይስፋ፣ ግንዱና ስሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬት ጋር እኩል ይሁን። ከላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ጉዝጓዝ አድርጉ፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አፈሩ ወደ ውስጥ ሲደርቅ በደንብ ጠለቅ ብሎ ማጠጣት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርጠብ ስሩን ወደ ላይ ነው የሚያስቀረው። ሌላው ነገር መግረዝ ነው፦ ካምፎር ልጅ እያለ ሁለትና ሶስት እኩል ግንድ ማውጣት ይወዳል፣ አንዱን ዋና አድርጋችሁ ምረጡና ሌሎቹን በጊዜ ቁረጡ፣ ካልሆነ መገናኛቸው ላይ ደካማ ሆኖ ትልቅ ሲሆን በነፋስ ይሰነጠቃል። በመጨረሻም ቦታውን አንዴ ወስኑ፣ ስሩ መነካካት ስለማይወድ ካደገ በኋላ ነቅሎ ማዛወር ብዙ ጊዜ ማጣት ነው።

አማራጭ 2፦ እየተገረዘ እንደ አጥር

ካምፎር መግረዝን በጣም ይችላል፣ በመቀስ ሲነካ የበለጠ ጥቅጥቅ ይላል። በ1 ወይም 1.5 ሜትር ርቀት ተክሎ ከ2 እስከ 3 ሜትር ቁመት ላይ ማቆየት ይቻላል። ቀጫጭን አጥር ሆኖ ስለሚገረዝ የሚያፈራውም ፍሬ ያነሰ ነው፣ እና የመሰራጨት ስጋቱ ይቀንሳል። ግን ዓመት ሙሉ ሥራ ነው፣ ቢያንስ ሁለት ሶስት ጊዜ መግረዝ አለባችሁ፣ ሁለት ዓመት ከተረሳ የዛፍ ሰልፍ ነው የሚሆንባችሁ። ስሩም ሙሉ ዛፍ ያህል ባይሆንም አለ፣ ከቱቦ አጠገብ አይሆንም። ቤቱን አከራይቶ የሚሄድ ወይ ግቢ የሚጠብቅለት ሰው የሌለው ይሄን አይምረጥ።

አማራጭ 3፦ በማሰሮ

ለአብዛኛው ሰው እኔ የምመክረው ይሄንን ነው። ስሩ ይታጠራል፣ ቁመቱ በእጃችሁ ነው፣ ውርጭ ሲመጣ ወደ ቤት ይገባል፣ ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ጥላ አይሰጣችሁም፣ ሽታውንና ውበቱን ግን ሙሉ በሙሉ ታገኛላችሁ። ቦንሳይ (ዛፍን በማሰሮ አሳንሶ ማሳደግ) የሚሰሩ ሰዎችም ይጠቀሙበታል፣ ይሄ የሚያሳየው ስሩም ቅርንጫፉም በአግባቡ እስከተያዘ ድረስ ማሳነስ እንደሚቻል ነው።

መጀመሪያ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አትክተቱት፣ ለትንሽ ችግኝ አፈሩ ከበዛ ውሃው ሳይጠጣ ይቆይና ስሩ ይበሰብሳል። ደረጃ በደረጃ እያሳደጋችሁ መጨረሻ ላይ ከ40 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ ይበቃዋል። ታቹ ቀዳዳ ያለው መሆኑ ግዴታ ነው። አፈሩ ኮምፖስት፣ የአትክልት አፈርና አሸዋ ወይም ፐርላይት (አፈር የሚያላላ ቀላል ነጭ ጠጠር) የተቀላቀለበት፣ ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ይሁን። ጣታችሁን አስገቡ፣ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች ከደረቀ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት፣ የቀን መቁጠሪያ ተከትሎ ማጠጣት ነው ብዙ የማሰሮ ተክል የሚገድለው። በየሁለት ሶስት ዓመቱ አውጥታችሁ ማሰሮውን የከበበውን ስር ዳር ዳሩን ቀንሱለትና በአዲስ አፈር መልሱት፣ በዛው ሰሞን ቅርንጫፉንም ቀንሱ፣ ስር ተቀንሶ ቅጠሉ እንዳለ ከቀረ ይጠወልጋል። ቤት ውስጥ የሚከርም ከሆነ በጣም ብርሃን ያለው መስኮት ጋ ይሁን፣ ቤት ውስጥ ሲሆን ስኬል የሚባሉት ግንድና ቅጠል ላይ እንደ ቡናማ ቅርፊት ተለጥፈው የሚመጡ ነፍሳትና የሸረሪት ማይት ስለሚወዱት የቅጠሉን ጀርባ በየጊዜው እያያችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ልጅና የቤት እንስሳ ካለ ደሞ ቅጠሉ የማይደረስበት ቦታ።

ካምፎር ካልሆነስ?

*ቤይ ሎሬል።* የካምፎር ዘመድ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ በማሰሮም በመሬትም ይሆናል፣ እንደፈለጉ ይገረዛል፣ ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል፣ ከሁሉም በላይ ቅጠሉ ምግብ ውስጥ ይገባል። ጥቅም ያለው ጥሩ መዓዛ ያለው ዛፍ ለሚፈልግ ሰው ከካምፎር ይበልጥበታል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ሁለቱንም አንድ ግቢ ውስጥ የምትተክሉ ከሆነ ግን አራርቋቸው፣ ቅጠላቸው ይመሳሰላል፣ የካምፎሩ ተሳስቶ ድስት ውስጥ እንዳይገባ። መለያው፦ ካምፎር ከቅጠሉ ግርጌ አካባቢ የሚነሱ ሶስት ጉልህ ጅማቶች አሉት፣ ሲታሽም ሽታው አያደናግርም።

*የሴሎን ቀረፋ።* ይሄም ዘመዱ ነው። ሞቃትና እርጥብ ቦታ ላይ ላለ ሰው ደስ የሚል ምርጫ ነው፣ እየተቆረጠ ቁጥቋጦ ሆኖ ይያዛል፣ ከቅርንጫፉም ቅርፊት ይገኛል። ውርጭ ግን ይገድለዋል።

*የአፍሪካ ካምፎር ቁጥቋጦ (ታርኮናንተስ ካምፎራተስ)።* ስሙ ካምፎር ይባል እንጂ ዘሩ ፍፁም ሌላ ነው፣ የሱፍ አበባ ቤተሰብ ነው። አፍሪካና የአረብ ልሳነ ምድር ውስጥ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ግራጫ አረንጓዴ፣ ሲታሽ ካምፎር የሚሸት ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ነው። ድርቅና ነፋስ የሚችል ነው። አየራችሁ ደረቅ ከሆነ ዋናውን ካምፎር በውሃ ብዛት ከማቆየት ይሄኛው ይሻላል፣ ለአጥርም ይሆናል።

*ካምፎር የሚሸት በሶብላ።* የምስራቅ አፍሪካ ተወላጅ ነው፣ ካምፎር ለማውጣት ተብሎ ሲመረት የነበረ ተክል ነው። ከአንድ ሁለት ሜትር አይበልጥም፣ ንብ ይወደዋል፣ ከቅርንጫፍ ቁራጭ በቀላሉ ይበዛል። የፈለጋችሁት ሽታውን ብቻ ከሆነ ትልቅ ዛፍ የምትጠብቁበት ምክንያት የለም፣ በአንድ የእድገት ወቅት ውስጥ ትደርሱበታላችሁ። ግን ይሄንንም ለምግብ በሶብላ ምትክ አትጠቀሙት።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | ቦታ | ውርጭ | ድርቅ | የስር ስጋት | ሥራ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ካምፎር፣ ሙሉ ዛፍ | በጣም ሰፊ | ካደገ ቀላሉን ይችላል | ስር ከያዘ አጭሩን ይችላል | ከፍተኛ | መጀመሪያ መካከለኛ፣ በኋላ ቅጠል መጥረግ | መትከያው ትንሽ፣ ኋላ ማስገረዣው ብዙ |
| ካምፎር፣ አጥር | መካከለኛ | ቀላሉን ይችላል | መካከለኛ | መካከለኛ | ብዙ፣ በቋሚነት | ብዙ ችግኝ ስለሚፈልግ ከፍ ይላል |
| ካምፎር፣ ማሰሮ | ትንሽ | ወደ ቤት ይገባል | አይችልም | የለም | መካከለኛ | ማሰሮና አፈር፣ መካከለኛ |
| ቤይ ሎሬል | ትንሽ እስከ መካከለኛ | ቀላሉን ይችላል | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ትንሽ | መካከለኛ |
| የሴሎን ቀረፋ | ትንሽ እስከ መካከለኛ | አይችልም | አይችልም | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| የአፍሪካ ካምፎር ቁጥቋጦ | መካከለኛ | ቀላሉን ይችላል | በደንብ ይችላል | ዝቅተኛ | ትንሽ | ዝቅተኛ |
| ካምፎር የሚሸት በሶብላ | በጣም ትንሽ | አይችልም | መካከለኛ | የለም | ትንሽ | በጣም ዝቅተኛ |

ከዘር፣ ከቁራጭ ወይስ ከችግኝ ጣቢያ?

ካምፎርን ከመረጣችሁ ይሄ ቀጣዩ ውሳኔ ነው። ዘር ርካሽ ነው፣ ግን ቶሎ ነው አቅሙን የሚያጣው፣ የደረቀ ዘር በፖስታ አስመጥቶ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ተስፋ ያስቆርጣል። ፍሬው ጥቁር ሲሆን ለቅማችሁ ሥጋውን ሙሉ በሙሉ አጥባችሁ አውጡ፣ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ወዲያው ዝሩት፣ ከአንድ እስከ ሶስት ወር ይፈጃል፣ አፈሩ እንዳይደርቅ። ሌላው የዘር ጉዳይ ሽታ ነው። ሁሉም ካምፎር ዛፍ እኩል ካምፎር የለውም፣ ኬሞታይፕ የሚባል ነገር አለ፣ አንዱ ዛፍ በካምፎር የበለፀገ ሲሆን ሌላው ሊናሎል ወይም ሲኒዮል የሚባሉ ሌሎች የሽታ ንጥረ ነገሮች ይበዙበታል፣ ሽታውም በዛው ልክ ይለያያል። ከዘር የበቀለው እናቱን ላይመስል ይችላል።

ሽታው ለናንተ ዋናው ነገር ከሆነ ስለዚህ ከምታውቁት ዛፍ ቁራጭ መውሰድ ነው ትክክለኛው መንገድ። ከፊል የጠነከረ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሆነ፣ በተቻለ መጠን ከወጣት ዛፍ የተወሰደ፣ ስር ማውጫ ሆርሞን የነካው፣ ሞቅ ያለ እርጥብ አፈር ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ። ቀርፋፋ ነው፣ የሚሳካውም ሁሉም ቁራጭ አይደለም፣ ስለዚህ አንድ ብቻ አትሞክሩ።

ለጀማሪ ግን የችግኝ ጣቢያ ችግኝ ይሻላል። ስትገዙ አንድ ቅጠል አሹና አሽቱ፣ ሽታው ደካማ ከሆነ ሌላ ችግኝ እዩ። ማሰሮውን ገልበጥ አድርጋችሁ ስሩን እዩ፣ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ክብ የሰራ ከሆነ አትግዙት፣ እንደዛ ያለ ችግኝ መሬት ገብቶም ጥምጥሙ አይፈታም። ረጅሙን ሳይሆን ወፈር ያለ ግንድ ያለውን አጭሩን ውሰዱ። ካምፎር በሚል ስም የተለያዩ ተክሎች ስለሚሸጡም ሳይንሳዊ ስሙን ጠይቁ፣ ዋናው ሲናሞመም ካምፎራ ነው፣ አዳዲስ ዝርዝሮች ላይ ካምፎራ ኦፊሲናረም ተብሎም ይገኛል።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ

በረንዳ ወይ ጠባብ ግቢ ያላችሁ፦ ካምፎር በማሰሮ፣ ገንዘብ ካጠረ ደሞ በሶብላው። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ሁለቱንም ትታችሁ ቤይ ሎሬል ብትወስዱ ደስ ይለኛል፣ ልጆቹ እስኪያድጉ ቢያንስ።

መካከለኛ ግቢ ኖሯችሁ መጋረጃ የምትፈልጉ፦ አየሩ ደረቅ ከሆነ የአፍሪካው ቁጥቋጦ፣ እርጥብ ከሆነና ለመግረዝ ጊዜ ካላችሁ ካምፎር አጥር፣ ጊዜ ከሌላችሁ ሎሬል።

ሰፊ መሬት ያላችሁ፣ ከወንዝና ከደን የራቃችሁ፣ ሕጉ የሚፈቅድላችሁ፦ አንድ ካምፎር ትከሉ፣ አንድ ብቻ፣ ከሁሉም ነገር አርቃችሁ። ከስሩ አትክልት ለመዝራት አታስቡ፣ ወንበር አስቀምጡበት።

ትልቅ ካምፎር ቤቱ አጠገብ ቆሞ ያገኛችሁት ደሞ ገና ለገና ብላችሁ ቶሎ አትቁረጡት። መጀመሪያ የፍሳሽ ቱቦው በካሜራ ይታይ፣ የመሠረቱ ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካለ ምልክት አድርጋችሁ ተከታተሉ፣ ከዛ የዛፍ ባለሙያ አስመጡ። ትልልቅ ስሮችን በገዛ እጃችሁ መቁረጥ አደገኛ ነው፣ ዛፉን የያዘው እሱ ስለሆነ በነፋስ ሊወድቅ ይችላል። መነሳት አለበት ከተባለ ጉቶው አብሮ መውጣት ወይም መታከም አለበት፣ ከዛም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከስሩ የሚወጣውን ቡቃያ እየተከታተሉ መልቀም ነው።